የባክቴሪያ መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ታዲያ ሆዴ ለምን አልተመለሰም?



በውስጥ መስመር ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ አንድ ዓይነት ናቸው። «ዶክተር፣ የጨጓራ ባክቴሪያ አለብህ ተብዬ ለ14 ቀን መድኃኒት ወሰድኩ። ጨርሻለሁ፤ ግን አፌ መራራ ነው፣ ሆዴ ይነፋል፣ ተቅማጥ መጣብኝ፣ ድካሙም አለቀቀኝም። ባክቴሪያው አልጠፋም ማለት ነው? ሌላ መድኃኒት ልግዛ?» ከሆሳዕናም፣ ከዱራሜም፣ ከሾኔም፣ ከሺንሺቾም ይጻፋል፤ ታሪኩ ግን አንድ ነው። አንዳንዱ የጨጓራ ሳይሆን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ፣ ሌላው ለቶንሲል፣ ሌላዋ ደግሞ ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ነው የወሰደችው።

አጭሩ መልስ ይኸው። አብዛኛው ሰው ላይ እነዚህ ስሜቶች መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ከጥቂት ቀናት እስከ ጥቂት ሳምንታት ባለው ጊዜ በራሳቸው ይለቃሉ። ሳይመረመሩ ሌላ አንቲባዮቲክ መግዛት ግን ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል። ጥቂት ምልክቶች ደግሞ አሉ፤ እነሱ ለነገ የሚባሉ አይደሉም። ዛሬ እነዚህን ለይተን እናያለን። ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ሴቭ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አንብቡት።

ሆዳችን ውስጥ ምን ተፈጠረ?

አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላቶቻችን አይደሉም። እኛ መፍጨት ያቃተንን አሰር ይፈጩልናል፣ አንዳንድ ቫይታሚኖችን ያመርታሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ቦታውን ይዘው ጎጂዎቹ እንዳይስፋፉ ይከላከላሉ።

አንቲባዮቲክ ሲገባ ጎጂውን ብቻ መርጦ አይገድልም። ጓሮ ውስጥ አረም ለማጥፋት መድኃኒት ሲረጭ ጎመኑም አብሮ እንደሚጎዳው ማለት ነው። ከርጭቱ በኋላ ባዶ የቀረው መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ደግሞ ሁልጊዜ የምንፈልገው ተክል አይደለም። ተቅማጡ፣ መነፋቱ፣ የአፍና የብልት ፈንገሱ የሚመጡት በዚህ ምክንያት ነው።

ተቅማጥ ብቻውን እንኳ ብንወስድ፣ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት አንቲባዮቲክ ከሚወስዱ ሰዎች ከ5 እስከ 30 በመቶ የሚሆኑት ላይ ይታያል። አሞክሲሲሊን ከክላቩላኒክ አሲድ ጋር (ብዙዎቻችን ኦግመንቲን የምንለው)፣ ክሊንዳማይሲን እና እንደ ሴፍትሪያክሰን ያሉ መድኃኒቶች ላይ ይበዛል። ስለዚህ ተቅማጥ መጣ ማለት «መድኃኒቱ ፎርጅድ ነው» ወይም «ባክቴሪያው አሸነፈኝ» ማለት አይደለም።

ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት 12 ጤናማ ወንዶች ሦስት ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ለ4 ቀን እንዲወስዱ አድርጎ አንጀታቸውን ለስድስት ወር ተከታተለ። የአብዛኞቹ የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር በአንድ ወር ተኩል ገደማ ወደ ቀድሞው ተጠጋ። ይሁን እንጂ ከመድኃኒቱ በፊት ሁሉም ላይ የነበሩ 9 የባክቴሪያ ዝርያዎች ከስድስት ወር በኋላም አብዛኞቹ ሰዎች ላይ አልታዩም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ሰውነት ራሱን ይመልሳል፤ ታገሱት። ሁለተኛ፣ በየወሩ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ለመመለስ ጊዜ አያገኝም።

የትኛው ስሜት መቼ ይለቃል?

የአፍ መራራነት ወይም ብረት ብረት የሚል ጣዕም፦ ይሄ በአብዛኛው የክላሪትሮማይሲን እና የሜትሮኒዳዞል (ፍላጂል) ነገር ነው። የጨጓራ ባክቴሪያ ፓኬት ውስጥ ክላሪትሮማይሲን ስላለ ብዙ ሰው የሚማረረው በዚህ ነው። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይጠፋል።

ማቅለሽለሽ እና የሆድ ቁርጠት፦ መድኃኒቱ ካለቀ ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ይቀንሳል። ከሳምንት በላይ ከቆየ ሌላ ምክንያት ስለሚኖረው ታዩ።

ቀላል ተቅማጥ እና መነፋት፦ ተቅማጡ ብዙ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቆማል። መነፋቱና የሆድ መጮኹ ግን ሁለት ሦስት ሳምንት ሊከርም ይችላል።

ምላስ ላይ ነጭ ነገር፣ ሴቶች ላይ ደግሞ የብልት ማሳከክ እና እርጎ የሚመስል ነጭ ፈሳሽ፦ ይሄ ፈንገስ (ካንዲዳ) ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲመናመኑ ፈንገሱ ቦታ አገኘ። የሚታከመው በፈንገስ መድኃኒት ነው፤ አንቲባዮቲክ ቢጨመርበት ይብስበታል። እህቶቼ፣ ይሄ የሚያሳፍር በሽታ አይደለም፣ ከባል የመጣም አይደለም። በሳሙናና በአንቲሴፕቲክ አትታጠቡት፤ ጤና ጣቢያ ሂዱና ተናገሩ።

ድካም፦ ግማሹ ከራሱ ከሕመሙ፣ ግማሹ ደግሞ በነዚያ ቀናት በደንብ ካለመብላትና ካለመጠጣት ነው። በአንድ በሁለት ሳምንት ይሻላል። ካልተሻለ ደም ማነስን፣ ስኳርን እና ሌሎች ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል።

ትልቁ ወጥመድ፦ መድኃኒትን በመድኃኒት ማሳደድ

ይሄን ክፍል አትዝለሉት። ብዙ ሰው ከቀላል የጎንዮሽ ጉዳት ወደ ከባድ ሕመም የሚሸጋገረው እዚህ ጋ ነው።

እንዲህ ይጀምራል። ሰውየው ለቶንሲል አሞክሲሲሊን ወሰደ። በአምስተኛው ቀን ተቅማጥ መጣ። «አሜባ ነው» ብሎ ሜትሮኒዳዞል ገዛ። አላቆመም፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተጨመረ። ሆዱ አቃጠለው፣ አፉ መረረ፣ ምግብ ዘጋው። ተመርምሮ «ታይፎይድ አለ» ተባለ፤ ሴፍትሪያክሰን መርፌ ተጀመረ። በአንድ ወር ውስጥ አራት አንቲባዮቲክ! መጀመሪያ የነበረው ግን ኦአርኤስ ጠጥቶ ጥቂት ቀን ቢታገስ የሚቆም ተቅማጥ ነበር።

«ታይፎይድ አለ» የሚባልበትን ምርመራም እንወቀው። ብዙ ቦታ የሚሠራው ዊዳል የሚባለው የደም ምርመራ የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን አንቲቦዲ ነው። ድሮ የታመመ ሰው ላይም፣ ሌላ ኢንፌክሽን ያለበት ሰው ላይም ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። ለታይፈስ የሚሠራው ዋይል ፊሊክስም ተመሳሳይ ድክመት አለበት። ስለዚህ ትኩሳት በሌለበት «ደክሞኛል፣ ሆዴ ተነፍቷል» ብቻ ብሎ ለዊዳል ደም መስጠት መልስ ከሚሰጠን ይልቅ የሚያሳስተን ጊዜ ይበዛል።

የሰንሰለቱ አደገኛ ጫፍ ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል (በአጭሩ ሲ ዲፍ) የሚባል ባክቴሪያ ነው። የአንጀት ባክቴሪያዎች ሲመናመኑ ይሄ ይባዛና መርዝ ያመነጫል። በቀን ብዙ ጊዜ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ፣ ቁርጠት፣ ትኩሳት ያመጣል፤ ሲከፋ አንጀትን እስከመብሳት ይደርሳል። አንቲባዮቲኩን እየወሰዱ እያለም፣ ከጨረሱ ከሁለት ሦስት ወር በኋላም ሊመጣ ይችላል። ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ፣ ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ፣ እንደ ኦሜፕራዞል ያሉ የአሲድ መቀነሻዎችን ለረጅም ጊዜ የሚወስዱ ሰዎች የበለጠ ይጋለጣሉ። ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ታማሚ ካለ እጃችሁን በውሃና በሳሙና ታጠቡ፤ ሳኒታይዘር የዚህን ባክቴሪያ ስፖር አይገድልም።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ምን እንጠጣ? ምን እንብላ?

መጠጥ ይቅደም። ተቅማጥ ካለ ኦአርኤስ ከሁሉም ይበልጣል። አንዱን ፓኬት ጀርባው ላይ በተጻፈው ልክ (ብዙውን ጊዜ 1 ሊትር) ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጡ። በእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ አዋቂ ሰው አንድ ሁለት ብርጭቆ ይጠጣ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። ፓኬቱ ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 ትክክል የሻይ ማንኪያ ስኳር እና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው አታብዙ፤ በተለይ ለሕፃናት አደገኛ ነው። ለልጆች ጡት አይቋረጥ፤ ዚንክም ከጤና ጣቢያ ይሰጣቸዋል።

ምግብ አትከልክሉ። «ሆዱ እስኪያርፍ ምንም አይብላ» የሚባለው ትክክል አይደለም። እኛ ጋ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ምግብ ሞልቷል።

ቡላ፦ ቀጠን ያለ የቡላ ገንፎ ወይም አጥሚት ለመፍጨት ቀላል ነው፣ አሰሩም ትንሽ ነው። ተቅማጡ ባለበት ሁለት ሦስት ቀን ጥሩ ነው። ቅቤው ግን ቅንስ ይበል። አተካናን የምትወዱ፣ ዐውቃለሁ ይከብዳችኋል፤ በቅቤ፣ በወተትና በአይብ የራሰ ምግብ የተጎዳ አንጀት ላይ ስለሚከብድ ለሳምንት ያህል አቆዩት።

ቆጮ፣ ጎመን፣ ሽሮ፣ ባቄላ፣ ድንች፦ ተቅማጡ ሲረጋ ወደነዚህ ተመለሱ። የተረፉት ደግ ባክቴሪያዎች የሚመገቡት አሰርን ነው። ዓይነቱን አበዛዙት፤ በየቀኑ አንድ ዓይነት ብቻ አይሁን። መነፋቱ ካልለቀቀ ባቄላና ሽምብራውን በትንሹ ጀምሩ።

ዳጣ፣ ሚጥሚጣ፣ ጠንካራ ቡና፦ ሆድ እስኪረጋ ቆይ በሏቸው። ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በባዶ ሆድ የሚባለውንም እንዲሁ። የተቆጣ ጨጓራ ላይ እሳት መጨመር ነው።

ጥሬ ሥጋና ጥሬ ወተት፦ የአንጀት መከላከያ በሳሳበት ሰዓት ክትፎውን አብስላችሁ ብሉ። ለሳልሞኔላ በር አትክፈቱ።

እርጎስ? ፕሮባዮቲክስ?

«ዶክተር፣ እርጎ ልጠጣ ወይስ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል ልግዛ?» ተብሎ በብዛት ይጠየቃል።

እርጎ ውስጥ ሕይወት ያላቸው ባክቴሪያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ጥናት ለ10 ሳምንት የተብላሉ ምግቦችን (እርጎና መሰሎቹን) አዘውትረው የበሉ ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያቸው ዓይነት እንደበዛ አሳይቷል። ስለዚህ የሚስማማችሁ ሰዎች በቀን አንድ ብርጭቆ ጥሩ ነው። ግን አንድ ነገር፦ ከጥሬ ወተት የተሠራ እርጎ ብሩሴሎሲስንና የከብት ቲቢን ሊያስተላልፍ ይችላል። ወተቱን አፍልታችሁ፣ ለብ ሲል ከቀድሞው እርጎ ትንሽ ጨምራችሁ አርጉት። በጾም ላይ ያላችሁ እርጎ ባትወስዱ ምንም አትሆኑም፤ ጎመኑና ጥራጥሬው ሥራውን ይሠራሉ።

እንጀራና ቆጮ የተብላሉ ናቸው፤ ግን ምጣድ ላይ ሲጋገሩ ባክቴሪያዎቹ ይሞታሉ። ጥቅማቸው በአሰራቸው ነው።

ካፕሱሉን በተመለከተ፣ አንዳንድ የፕሮባዮቲክ ዓይነቶች አንቲባዮቲክ እየተወሰደ እያለ ከተጀመሩ ተቅማጥን በመጠኑ እንደሚከላከሉ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2018 የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ያወጣው ጥናት ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሜትሮኒዳዞል ከወሰዱ በኋላ ፕሮባዮቲክ የተሰጣቸው ሰዎች የራሳቸው ባክቴሪያ ለመመለስ ምንም ካልተሰጣቸው ይልቅ እንደዘገየባቸው አሳይቷል። ስለዚህ ካፕሱሉ የግድ አይደለም። ገንዘብ ተበድሮ የሚገዛ ነገርም አይደለም፤ ለዚያ የሚወጣውን ብር ለምግብ አውሉት። የሰውነት መከላከያቸው በጣም የተዳከመ ሰዎች (ለምሳሌ የካንሰር ሕክምና ላይ ያሉ) ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት።

የጨጓራ ባክቴሪያ መድኃኒት የወሰዳችሁ፣ ይሄ ለእናንተ ነው

ኤች ፓይሎሪ ኢትዮጵያ ውስጥ ከሁለት ሰው አንዱ ላይ ገደማ ይገኛል። አውስትራሊያውያኑ ሐኪሞች ሮቢን ዋረን እና ባሪ ማርሻል ይህን ባክቴሪያ በማግኘታቸውና ጨጓራን እንደሚያቆስል በማሳየታቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት አንቲባዮቲክ (አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን) ከአሲድ መቀነሻ ጋር ለ14 ቀን ነው። በአንድ ጊዜ ሁለት አንቲባዮቲክ ስለሆነ የጎንዮሽ ስሜቱ ቢበዛ አይግረማችሁ።

ከጨረሳችሁ በኋላ ሦስት ነገር ያዙ።

1. በደም ምርመራ አትድገሙ። የደም ምርመራው የሚያየው አንቲቦዲን ነው። ባክቴሪያው ሙሉ በሙሉ ጠፍቶም አንቲቦዲው ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ይቆያል። «ደሜ አሁንም ፖዘቲቭ ነው» ብለው ያንኑ ፓኬት ሁለት ሦስት ጊዜ የደጋገሙ ሰዎች አሉ። ያለ ጥቅም አንጀታቸውን ጎዱ፣ ገንዘባቸውንም ከሰሩ።

2. ትክክለኛው ማረጋገጫ የሰገራ አንቲጅን ምርመራ (ካለ ደግሞ የትንፋሽ ምርመራ) ነው። ጊዜ ይፈልጋል፦ አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞል ወይም መሰሉ ከቆመ ቢያንስ 2 ሳምንት በኋላ። ከዚያ በፊት ከተሠራ ባክቴሪያው እያለ «የለም» ሊል ይችላል።

3. ሕመሙ አለ ማለት ባክቴሪያው አለ ማለት አይደለም። የቆሰለ ጨጓራ ለመዳን ሳምንታት ይፈልጋል። ኦሜፕራዞልን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በአንዴ የሚያቆም ሰው ደግሞ አሲዱ ለጊዜው ስለሚጨምር ማቃጠሉ ይመለስበታል። ለራስ ምታትና ለወገብ ብላችሁ የምትወስዱት ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ጨጓራ ያቆስላል። ባክቴሪያው ጠፍቶም የጨጓራ ስሜቱ የማይለቃቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ሕክምናቸው ሌላ ነው፣ አንቲባዮቲክ አይደለም።

እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ልታውቁት የሚገባ

ሜትሮኒዳዞልና ቲኒዳዞል፦ እየወሰዳችሁም፣ ከጨረሳችሁ በኋላም ለሦስት ቀን ያህል አልኮል ተዉ። ቢራ ብቻ ሳይሆን ጠላ፣ ጠጅ፣ ቦርዴና አረቄም አልኮል ናቸው። ሽንት ቢጠቁር አትደንግጡ፤ መድኃኒቱ ሲያልቅ ይመለሳል።

ዶክሲሳይክሊን፦ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውሃ ዋጡትና ለግማሽ ሰዓት አትተኙ፤ አለዚያ የጉሮሮ ቧንቧን ያቆስላል። ፀሐይም ቶሎ ያቃጥላችኋል። ከወተት፣ ከአሲድ ማብረጃ እና ከብረት እንክብል ጋር አንድ ላይ አትውሰዱት። ሲፕሮፍሎክሳሲንም እንዲሁ ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቤተሰቦቹ፦ የተረከዝ ጅማት ሕመም፣ የእጅና የእግር መደንዘዝ፣ እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ሊያመጡ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ስለ ጅማት ጉዳቱ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍባቸው አዟል። ጉዳቱ ከጨረሱ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ተረከዝ ከታመመ እግርን አሳርፉ፣ ሩጫና ኳስ አቁሙ፣ ሐኪም እዩ።

ጄንታማይሲን፣ አሚካሲን፣ ስትሬፕቶማይሲን (መርፌዎች)፦ ጆሮ ውስጥ መጮህ፣ የመስማት መቀነስ፣ ሚዛን መሳት ከታየ ቶሎ ተናገሩ። የመስማት ጉዳቱ ላይመለስ ይችላል።

የቲቢ መድኃኒት፦ ሪፋምፒሲን ሽንትን፣ እንባን፣ ላብን ብርቱካናማ ያደርጋል፤ ጉዳት የለውም። የእርግዝና መከላከያ እንክብልንና የክንድ ላይ ኢምፕላንትን ግን ያዳክማል፤ ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ማስታወክ ከበረታ የዚያኑ ቀን ወደ ቲቢ ክፍላችሁ ሂዱ። ሌላ ቀለል ያለ ስሜት ቢኖርም በራሳችሁ አታቋርጡት።

እነዚህ ከታዩ አትጠብቁ

ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል የሚያስሄዱ፦
- የትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር፣ የምላስ ወይም የፊት ማበጥ፣ መላ ሰውነት ላይ የሚወጣ እብጠት ያለው ማሳከክ፤
- የቆዳ መላጥና ውሃ መቋጠር፣ በተለይ የአፍ፣ የዓይን ወይም የብልት ቁስለት አብሮ ካለ (ኮትሪሞክሳዞል ባክትሪም ላይ ይታወቃል)፤
- ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዛባት፤
- ደም ማስታወክ ወይም እንደ ሬንጅ የጠቆረ ሰገራ (የብረት እንክብልና ቢስመዝ ግን ያለ ጉዳት ሰገራ ያጠቁራሉ)።

በዚያኑ ቀን የሚያስመረምሩ፦
- በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ከሁለት ቀን በላይ ከቀጠለ፤
- ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ትኩሳት፣ ከባድ የሆድ ሕመም (የተቅማጥ ማቆሚያ አትውሰዱ)፤
- የዓይን ቢጫነት፣ ኮካ የመሰለ ሽንት፣ መላ ሰውነት ማሳከክ። ኦግመንቲን ጉበት ላይ የሚያመጣው ጉዳት መድኃኒቱ ካለቀ ከሳምንታት በኋላም ሊታይ ይችላል፤
- ሽንት በጣም መቀነስ፣ የሕፃን ዓይን መጎድጎድ፣ እንባ ማጣት፣ መልፈስፈስ።

ቅርባችሁ ያለ ጤና ጣቢያ ይጀምር። ከባድ ከሆነ ሆሳዕና ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ከምባታ ያላችሁ ደግሞ ዱራሜ ሆስፒታል አለ። ስትሄዱ የመድኃኒቱን ባዶ ፓኬት ያዙ፤ ቢያንስ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። «አንድ ነጭ እንክብል ነበር» ከሚለው ያ ፎቶ ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

እውነት «አይስማማኝም»?

ሆድ ስላመመው፣ ስላቅለሸለሸው «ፔኒሲሊን አይስማማኝም» ብሎ ዕድሜ ልኩን የሚናገር ሰው አለ። ያ አለርጂ አይደለም። «የፔኒሲሊን አለርጂ አለብኝ» ከሚሉ ሰዎች በአግባቡ ሲመረመሩ ከ10ሩ 9ኙ የለባቸውም። ስሙ ካርዳችሁ ላይ ከተጻፈ ለቀላል ኢንፌክሽን ሁሉ ውድና ጠንካራ መድኃኒት ይታዘዝላችኋል። በተቃራኒው እውነተኛ አለርጂ ካለባችሁ (ማበጥ፣ ትንፋሽ ማጠር፣ የቆዳ መላጥ ከነበረ) የመድኃኒቱን ስም ጽፋችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ፣ ለቤተሰብም ንገሩ። ሁለቱን ለይታችሁ ለሐኪም አስረዱ።

ለሚቀጥለው ጊዜ

መድኃኒት ሲታዘዝላችሁ ለመጠየቅ አትፈሩ፦ «በሽታዬ ምንድን ነው? አንቲባዮቲክ የግድ ነው? ስንት ቀን ነው? ከምግብ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ምን ካየሁ ልምጣ?» ጥሩ ሐኪምና ጥሩ ፋርማሲስት በዚህ ጥያቄ አይቆጡም። ጉንፋንና አብዛኛው ሳል በቫይረስ ነው የሚመጣው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም።

የጎንዮሽ ስሜት ሲመጣ በራሳችሁ ግማሽ ላይ አታቁሙ፤ ያዘዘላችሁን ጠይቁ፤ ሊቀየር ይችላል። ከላይ የጠቀስናቸው ከባድ የአለርጂ ምልክቶች ከታዩ ግን የሚቀጥለውን ክኒን ሳትውጡ ወደ ሆስፒታል ነው። የተረፈ ካለ ለጎረቤት አታካፍሉ። ደቡብ አፍሪካ ያለ ወንድማችሁ «እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው» ብሎ የመድኃኒት ፎቶ ቢልክላችሁም አመስግኑት፤ ፋርማሲ ሄዳችሁ ግን አትግዙት። የእሱ በሽታ የእናንተ አይደለም።

ይሄን የምንለው ለሆድ ምቾት ብቻ አይደለም። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1945 የኖቤል ሽልማቱን ሲቀበል መድኃኒቱ ያለ አግባብ ከተወሰደ ባክቴሪያዎች እንደሚላመዱት አስጠንቅቆ ነበር። ያለው ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም ላይ 1.27 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች እንደሞቱ ተገምቷል። ዛሬ ለማያስፈልግ ነገር የምንውጠው ሲፕሮ ነገ ልጃችን በእውነት ሲታመም እንዳይሠራ እያደረግነው ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱን ጨርሳችሁ ሆዳችሁ ገና ካልተመለሰ፦ ጠጡ፣ ቀለል ያለ ብሉ፣ ታገሱ፣ የአደጋ ምልክቶቹን ተከታተሉ፣ ያለ ምርመራ ሁለተኛ አንቲባዮቲክ አትግዙ። አብዛኞቻችሁ ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ይሄን ሁሉ ትረሱታላችሁ።

ማሳሰቢያ፦ ይህ ጽሑፍ ለትምህርት ነው፤ የአካል ምርመራን አይተካም። እርጉዞች፣ ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ያለባችሁ ቀላል ለሚመስል ምልክትም ቶሎ ሐኪም አማክሩ።

ጥያቄ ካላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ የመድኃኒቱን ስም፣ ስንት ቀን እንደወሰዳችሁ እና ከጨረሳችሁ ስንት ቀን እንደሆነ ብትጨምሩበት መልስ ለመስጠት ይቀለኛል። ቤታችሁ «ሁለተኛ ፓኬት ልግዛ» እያለ ያለ ሰው ካለ ከመግዛቱ በፊት ይሄን አንብቡለት፤ ለሌሎችም ሼር አድርጉት።

ጤናችሁ ይብዛ!